ለመንግሥት ሥራ የሚሆን ገመድ

«ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ከግርማዊነታቸው መንግሥት በተሰጣቸው ሥልጣን፣ የገባ ካሚሳ ወረዳ ምክትል ገዥ ባላምባራስ ሽብሩ የሚሉህን ስማ! ረዘም ያለ ገመድ ያለህ ሰው፣ ለመንግሥት ሥራ ስለሚፈለግ፣ ዛሬውኑ ይዘህ ቅረብ! ገመዱም ቋጠሮ የሌለበት ይሁን!»

ታፋ ይህን እየጮኸ ከላይኛው ገበያ ወደ ታችኛው ሲወርድ የሰኔ ጭቃ አንድ ጫማውን አስቀረበት። አልተመለሰም። አዋጅ ነጋሪ በአዋጅ መካከል ወደ ኋላ አይመለስም፤ ጫማ ግን ይጠብቃል። በአማርኛ የጨረሰውን በኦሮምኛ ሲደግመው ግርማዊነታቸውም ሥልጣኑም ይቀሩና «ፉኞ ዴራ! ረጅም ገመድ! መንግሥት የሚያስርበት አጥቷል!» ብቻ ይሆናል። ገበያተኛው የሚስቀው እዚህ ላይ ነው። የሚታዘዘውም እዚሁ ላይ ነው።

ገባ ካሚሳ ከነቀምቴ በበቅሎ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ፣ ከድዴሳ ወንዝ ማዶ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስሟ በኦሮምኛ የሐሙስ ገበያ ማለት ነው። ታፋ የወረዳዋ አዋጅ ነጋሪም አስተርጓሚም ነው። ሹመቱን ያገኘው ሁለቱን ቋንቋ እኩል አሳምሮ ስለሚናገር፣ ከአፉ ተነሥቶ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ስለጠፋ ነው። ስሙን ሲጠየቅ «ታፋ» ይላል፤ ወደ አባቱ ስም ሲደርስ ያስላል። ሳሉ በከተማው የታወቀ ነው፤ ዳማከሴ ያዘዙለት አሉ፣ ዝንጅብልም ያዘዙለት አሉ።

ገመዱ ለምን እንደተፈለገ ታፋ ያውቃል። ያን ዕለት በየአዋጁ መጨረሻ ያሳለው ስላወቀ ነው።

ዘመኑ ሥልሳ አንድ፣ የምርጫ ዓመት ነበር። የአገሩ ባላባት የነበሩት የጨመዳ ልጅ ቀኛዝማች ተረፋ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይወዳደሩ ነበር። ምልክታቸው ጃንጥላ ነው፤ «ሁሉን አስጠልላለሁ!» ይላሉ፤ ፀሐይ ቢኖርም ባይኖርም ይዘረጉታል። መጀመሪያ ሰሞን ስለ መንገድና ስለ ሐኪም ቤት ይናገሩ ነበር። ሕዝቡ የሑዳዴ ስብከት እንደሚሰማ ሆኖ ይሰማቸዋል፤ ማለት በትዕግሥት። አንድ ቀን ጠጅ ቤት ውስጥ ይህንኑ ሲያስረዱ፣ ከበሩ ጥግ አንዱ ብርሌውን አንሥቶ «መንገዱስ ይቅርብን! ገልቱውን አስወጣልን!» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ቀኛዝማች ተረፋ ጭብጨባውን በጆሮአቸው መዘኑት፤ ከመንገድም ከሐኪም ቤትም ይከብዳል። ከዚያ ቀን ወዲያ መንገዱ ከንግግራቸው ጠፋ።

የሕዝቡ ምሬት እንዲያው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ወሎን ድርቅ ሲመታው ጥቂት ቤተሰቦች እየተንከራተቱ መጥተው ከከተማው ግርጌ ጎጆ ቀልሰዋል። የክዳን ሣር ሳሳ። ምንጩ ዘንድ ወረፋ በዛ። በቆሎም ተወደደ። በቆሎውን በጎተራ ቆልፈው ያስወደዱት የከተማው ነጋዴዎች እንደሆኑ የማያውቅ የለም፤ ግን እነሱ በዚያች ቀን ጠጅ ቤት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ከሁሉ አብልጠው ያጨበጨቡ ስለነበሩ ማንም ሊያነሣባቸው አልወደደም።

ነገሩም የሚይዘው እጅ አጣ። ሕዝቡ «መንግሥት አዘዘ» ይላል። መንግሥት፣ ማለት ባላምባራስ ሽብሩ፣ «ቀኛዝማች ጠይቀው ነው» ይላሉ። ቀኛዝማች «ሕዝቡ አስጨነቀኝ» ይላሉ። እንዲህ ሲቀባበሉት ከርመው ውሳኔው ሐሙስ ላይ ወደቀ፦ በዋርካው ሜዳ ላይ ገመድ ይዘረጋል። የአገሩ ልጅ ከገመዱ በላይ ይቆማል፣ ገልቱው ከገመዱ በታች። ከታች የቆመ ወሩ ሳይወጣ የድዴሳን ድልድይ ተሻግሮ ወደ መጣበት ይመለሳል። በክረምት። በቆሎው ጉልበት ደርሶ ሳለ።

ባላምባራስ ሽብሩ ቃሉን መጀመሪያ ሲሰሙ ተገርመው ነበር። የመንዝ ሰው ናቸው። በአገራቸው ገልቱ የሚባለው ወጥ የሚያሳርር፣ እንስራ የሚሰብር፣ እጁ የማይረባ ሰው ነው።

«ገልቱ ስለሆነ ከአገር ይውጣ?» አሉ ታፋን። «ይህማ ከሆነ ከጽሕፈት ቤታችን ማን ሊቀር ነው?»

«ጌታዬ፣ የኦሮምኛው ሌላ ነው። ከሌላ አገር መጥቶ የገባ ሰው ማለት ነው።»

«አሃ! መጤ በለኛ!» አሉና ልባቸው ዐረፈ። እሳቸው ከመንዝ የመጡት በሹመት ነው። በሹመት የመጣ ሰው ደግሞ መጣ አይባልም፣ ተላከ ነው የሚባል።

* * *

በገባ ካሚሳ ረጅም ገመድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ታፋ ይህን እያወቀ ከተማውን ሁሉ ዞሮ ጮኸ፤ ምናልባት ሌላ ሰው ይገኝ እንደሆነ ብሎ። አልተገኘም። በመጨረሻ ጫማውን ከጭቃው ነቅሎ ከግርጌው መንደር ወረደ።

ገመድ ሠሪው ወልደዮሐንስ ከጎጆው ደጃፍ ቃጫ እየፈተለ ነበር። የየጁ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ራሱም ጥብቅ ብሎ የተገመደ የሚመስል።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ» አለ ሳይነሣ። «ጥሩንባህ የሞተ ይቀሰቅሳል። ለመንግሥት ሥራ ነው አልክ?»

«ለመንግሥት ሥራ።»

«ድንኳን ሊተክሉ?»

ታፋ ሳለ። «እንደ ድንኳን ያለ ነገር።»

«እንግዲያስ ይኸን አልሰጥህም፤ ይኸ የከብት ነው። መንግሥትማ ሲያስር…»

ንግግሩን ሳይጨርስ ሚስቱ ፀዳለ ነጠላዋን አጣፍታ ከጓሮ ብቅ አለች። እጇ ላይ የአረም አፈር አለ፣ ፊቷ ላይ ነገር አለ።

«አያ ታፋ! አንተኑ ነበር የምፈልግ። ገልቱ ያለኝ ማነው?»

«ኧረ ማንም…»

«ምንጭ ስወርድ ገልቱ! ገበያ ስወጣ ገልቱ! እኔን? ና ግባ! ግባና ማጀቴን እይ! እዚህ አገር ከገባሁ የማን ቤት እሳት ለምኜ አውቃለሁ? የማን እንስራ ተውሼ ሰብሬ? ያን በቆሎ እየው፣ አንድ አረም ካገኘህበት ገልቱ በለኝ! ሐሙስ ገልቶች ከገመዱ በታች ይቆማሉ አሉኝ። እኔ አልቆማትም። ተዘርሬ ብወድቅ እንጂ አልቆማትም!»

ታፋ ሳቁን በሳል ሸፈነው፤ ሁለቱንም የሚሸፍነው በአንድ እጁ ነው። «ፀዳለ፣ የቋንቋ ነገር ነው። ሙያሽን ማንም አልነካ። በኦሮምኛ የገባ ማለት ነው። ማታ ከብቱ ሲመለስ ‹ሎን ገሌ› ይሉ የለም? ከብቱ ቤቱ ገባ፤ እንደዚያ ነው።»

ፀዳለ አሰብ አደረገች። «ቤቱ የገባ?»

«ቤቱ የገባ።»

«እና ቤቱ የገባ ሰው ነው የሚባረር?»

ታፋ አስተርጓሚ ሆኖ ከተቀጠረ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል አልገጠመውም ነበር። ትርጉም አጣለት።

ወልደዮሐንስ ቃጫውን አስቀመጠ። «ድንኳን አይደለማ» አለ ቀስ ብሎ። «ገመዱ ለእኛ ነዋ።»

 ተነሥቶ ወደ ጎጆው ገባ። ታፋ ባዶ እጁን እንደሚመለስ እርግጠኛ ሆነ፤ እንዲያውም ደስ አለው። ወልደዮሐንስ ግን በትከሻው ከባድ ጥቅል ተሸክሞ ወጣ፤ ሦስት እጥፍ የተገመደ፣ እንደ ነብር ጅራት የሚያብረቀርቅ ገመድ።

«ለሰርግ ዳስ ብዬ ያኖርኩት ነው። ውሰድ።»

«ወልደዮሐንስ፣ የከብቱ ይበቃል እኮ።»

«አይበቃም! ሐሙስ አገሩ ሁሉ ቆሞ ሲያይ የወልደዮሐንስ ገመድ ረገበ እንዲባል ነው? ካባረሩኝም በደህና ገመድ ያባርሩኝ!»

* * *

ሐሙስ ገበያው ሳይሟሟቅ ሜዳው ሞላ። ማለዳ የዘነበው አባርቶ ፀሐይዋ የምትጋረፍ ሆናለች። የወረዳው ወታደሮች ገመዱን ከዋርካው ግንድ ወደ አንድ ወፍራም ችካል ወጥረው አሰሩት፤ ቢሆንም መካከሉ ላይ ረገበ። ከላይ በኩል የባላምባራስ ሽብሩ ወንበር አለ። ከወንበሩ አጠገብ ቀኛዝማች ተረፋ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ከጃንጥላው ሥር እናታቸው ሃርሜ ዓባይነሽ በሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

ሃርሜ ማለት እናቴ ማለት ነው። ለቀኛዝማች ብቻ አይደለም፤ ለአገሩ ሁሉ ነው። በአካባቢው ያላዋለዱት የለም፣ ያላስታረቁት የለም። ቀኛዝማች ዛሬ እናታቸውን ያመጧቸው የራሳቸው ሥር በአገሩ የጠለቀ መሆኑን ሕዝቡ በዓይኑ አይቶ እንዲመርጣቸው ነው። ዓባይነሽ የሚለው ስም በዚያ አገር ከነድርቤ መካከል ብቻውን እንደ ቀረ በግ መሆኑን ማንም አስተውሎት አያውቅም። ወይም ሁሉም አስተውሎታል። በአገሩ ልማድ፣ ልጄ ብለው በማር በወተት ጎሳ ውስጥ ያስገቡትን ሰው ከየት መጣህ ማለት ነውር ነው፤ ከነውርም ርግማን ነው። ስለዚህ ስሙ ዕድሜ ልኩን ሲጮህ ኖሯል፤ ሕዝቡም ዕድሜ ልኩን ጨዋ ሆኖ አልሰማውም።

የጎሳው ሽማግሌ ኦቦ ዱቤ ለምለም ሣር ይዘው መረቁ። «አባቶቻችን ጊቤን ተሻግረው፣ ድዴሳን ተሻግረው፣ ወደዚህ ምድር ያገባቸው ዋቃ ይባርከን!» አሉ። ሕዝቡ «ሀዬ!» አለ። ታፋ ተረጎመ። ባላምባራስ ሽብሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጊቤን ተሻግረው የሚለው ነገር የተሻገረ ሰው መኖሩን እንደሚያመለክት ለማንም አልታየውም።

ወሎዬዎቹ ሳይጠሩ መጥተው ከታች ቆሙ። ፀዳለ ቀሚሷን በእንዶድ አጥባ፣ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ ሌላውን ትርጉም ለሚያስብ ሰው ሁሉ መልስ ሆና ቆመች። ወልደዮሐንስ የረገበውን ገመድ ሲያይ አላስቻለውም።

«ፈቀቅ በሉ» አላቸው ወታደሮቹን። ቋጠሮውን ፈትቶ፣ እግሩን ከችካሉ አስደግፎ ሳበው፤ ገመዱ እንደ ክራር ጅማት እስኪጮህ ድረስ ወጥሮ አሰረው። «እንዲህ ነው» ብሎ ተመልሶ ከታች ቆመ። ከላይ ያሉት መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ እየተያዩ ተዉት።

ቀኛዝማች ተረፋ ተናገሩ። «ወገኖቼ! ጥላ አስቀድሞ ለባለቤቱ ነው! ይህች ምድር የማን ናት? እናቴ ይኸችው! ሥሬ ይኸው! የአገሩ ልጅ ከገመዱ በላይ፤ ከሌላ አገር የገባ ገልቱ ከገመዱ በታች! በቃ!»

ጭብጨባ ነበረ። እንደ ጠጅ ቤቱ አልሆነም፤ ጠጅም አልነበረ።

«ሁሉም ወገን ወገኑን ይያዝ» አሉ ባላምባራስ ሽብሩ፣ እግራቸውን አጣምረው።

ከላይ ያለው ሁሉ ባለበት ቆመ። በዚህ ጊዜ ሃርሜ ዓባይነሽ በምርኩዛቸው የታፋን ባት ነካ አደረጉ። አማርኛው በዝቶባቸው ነበር። «ምን ይላል ልጄ?» አሉት በኦሮምኛ።

ለታፋ ሳል የተፈጠረው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነበር። መሳልም ይችል ነበር፤ «ስለ መንገድ ነው የሚናገሩት» ማለትም ይችል ነበር። ግን ከታች ፀዳለ ቆማለች፤ ቤቱ የገባ ሰው ነው የሚባረር ብላው ነበር። ጉሮሮው ፍጹም ጠራለት።

«ሃርሜ፣ ከሌላ አገር መጥቶ የገባ ሰው ከገመዱ በታች ይቁም ይላሉ።»

«የገባ?»

«የገባ።»

«በሕፃንነቱ የገባስ?»

ታፋ ወደ ኦቦ ዱቤ አየ። ኦቦ ዱቤ ወደ ዋርካው አዩ። ዋርካው የሚያየው አልነበረውም።

«ለዕድሜ የተወሰነ ነገር የለም፣ ሃርሜ።»

ሃርሜ ዓባይነሽ ምርኩዛቸውን ተክለው ተነሡ። በርጩማቸውን በእጃቸው አነሡ። ቀኛዝማች ተረፋ ጃንጥላውን አስከትለው «ሃርሜ፣ ወዴት ነው? ፀሐይ!» አሉ።

«ወደ ተጠራሁበት።»

ገመዱ ዘንድ ደርሰው በምርኩዝ ሊያነሡት ሞከሩ። የወልደዮሐንስ ገመድ ነውና አልተነሣም። ሊረግጡት ሞከሩ፤ አልወረደም።  ወልደዮሐንስ ከታች በኩል ሮጦ መጣ፤ እንደዚያ አድርጎ ያጠበቀውን ቋጠሮ በጥርሱም በጥፍሩም ፈታው፤ ገመዱን መሬት ላይ አጋደመላቸው። አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እንደ ምንጭ ውኃ ተሻገሩት። በርጩማቸውን ከፀዳለ አጠገብ አስቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዙረው፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ።

«እኔን የወለዱኝ ዓባይ ዳር ነው» አሉ። ድምፃቸው ሰው ሲያስታርቁ የሚያወጡት ድምፅ ነው፤ ጩኸት የለውም፣ ቢሆንም ሜዳውን ይሞላዋል። «ክፉ ቀን የሚባለው ጊዜ ነው። እናቴ እዚያው ቀረች። ይህ መንደር ተቀበለኝ፤ የደረቀ ጡት ሲያጠባኝ እንኳ ልጄ እያለ ነው። ከየት መጣሽ ያለኝ አልነበረም። ዛሬ ልጄ ራሱ ሲጠይቅ ብሰማ፣ መልሱ ያለው እኔ ዘንድ ነውና ተነሣሁ። አዎ፣ ገልቱ ነኝ! ገባሁ፤ ገብቼም አልወጣሁ። ያፈርኩበት ቀን የለም፣ ዛሬም አላፍርበትም።»

«ምን አሉ?» አሉ ባላምባራስ ሽብሩ። የገባቸው ገልቱ የሚለው ብቻ ነበር፤ እሱም በተሳሳተው በኩል። «ለምን ራሳቸውን ይሰድባሉ?»

«አልሰደቡም፣ ጌታዬ። ገብቼ አልወጣሁም ነው ያሉት» አለ ታፋ። ይህን ሲል እግሩ ወደ ገመዱ መሄድ ጀምሮ ነበር።

«አንተ! ወዴት ነው? ወደ ቦታህ!»

«ወደ ቦታዬ ነው፣ ጌታዬ። ታፋ ማዘንጊያ እባላለሁ። አባቴ ማዘንጊያ ጎጃሜ ነው፤ የነጋዴ አጋሰስ እየነዳ መጥቶ እዚህ እናቴን አገባ።»

ስሙ በጥሩንባ ድምፅ ነው የወጣው፤ ልማድ ሆኖበት። ከወደ ኋላ አንዱ «ሳሉስ?» አለው።

«ሽሮኛል።»

ሰው ሊስቅ ፈልጎ ነበር። ግን ኦቦ ዱቤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሲነሡ ሳቁ በየጉሮሮው ቀረ። ሽማግሌው ለምለም ሣራቸውን እንደያዙ ወደ ገመዱ ሄዱ። «እኔ የመጣሁበትን አልናገርም፤ የሃርሜንም አልሰማሁም» አሉ። «የምትሉትን ሁሉ አልሰማሁም። የማውቀው አንድ ነው፤ ሃርሜ የተቀመጠችበት ቤታችን ነው። ቤቱን ትቶ ሜዳ የሚያድር ይደር።»

ተሻገሩ። ከኋላቸው ሃርሜ ያዋለዷቸው ሴቶች ተሻገሩ፤ እየተጣደፉ ሳይሆን ቀስ ብለው፣ ሰርግ ቤት እንደሚገባ ሰው ቀሚሳቸውን እያነሡ። ባሎቻቸው ተከተሉ። ጠጅ ቤት ብርሌ ያነሣው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ግራ ቀኝ አየና ራሱን ደፍቶ ተሻገረ። ባለ ጎተራዎቹ ነጋዴዎች መጨረሻ ላይ ተሻገሩ፤ ብዙ ሰው ባለበት መሆን ይወዳሉና። ማንም ገልቱ ነኝ አላለም። ማንም አይደለሁም አላለም። ሃርሜ ዘንድ መሄድ ነው እንጂ ሌላ ነገር የሆነ አይመስልም ነበር። ሁሉም አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሄደው።

ቀኛዝማች ተረፋ ጃንጥላውን ዘርግተው ብቻቸውን ቆመው ነበር። ከጃንጥላው ሥር ሰው የለም። እናታቸው ማዶ ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ግንባራቸው ማላብ ጀምሯል፤ ፀዳለ በነጠላዋ ጫፍ ልትጋርድላቸው ትሞክራለች። ቀኛዝማች ይህን አዩ። አንድ ጊዜ ወደ ባላምባራስ አዩ። ከዚያ ጃንጥላው ተንቀሳቀሰ፤ ገመዱን ተሻገረ፤ ከበርጩማው በላይ ቆመ። ስፋቱ ለፀዳለም ተረፈ።

ባላምባራስ ሽብሩ ከወንበራቸው ተነሥተው «ምንድን ነው ይህ? ምንድን ነው?» እያሉ እስከ ገመዱ ድረስ መጡና ቆሙ። ዘወር ብለው ኋላቸውን አዩ። ከዋርካው ወዲህ፣ በአገሩ ልጆች ወገን፣ ባዶ ወንበርና እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ወልደዮሐንስ ከችካሉ በኩል ገመዱን በክርኑ እየጠቀለለ መጥቶ እሳቸው ዘንድ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ» አለ፣ «ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ። ገመዱን ረግጠውታል።»